በጥር የሚሸጥ፣ በነሐሴ የሚገዛ

ጎጃም ውስጥ የአንድን ገበሬ ኑሮ ለመገመት ድሮ ጣሪያውን ማየት ይበቃ ነበር። አሁን ቆርቆሮ በየደጁ ስላለ ጣሪያ ብዙ አይናገርም። ጤፉን በየትኛው ወር እንደሚሸጥ መጠየቅ ይሻላል። በነሐሴ የሚሸጥ ደልቶታል። በጥር የሚሸጥ ቸግሮታል። በጥር ጤፍ ሸጦ በነሐሴ በቆሎ የሚሸምት ደግሞ በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ ሲሸጥ በርካሽ፣ ሲገዛ በውድ።

ስለ ሀብትና ድህነት ሲወራ ስንፍናም፣ ዕድልም፣ የእግዜር ፈቃድም ይነሣል። በእኔ ግምት በእህል አገር ሰውንና ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያራርቀው የመጠበቅ አቅም ነው። "ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል" እንላለን፤ ቅሉ ጊዜውን ከየት እንዳገኘው ግን ተረቱ አይነግረንም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስላልተነገረው ነው።

ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል፣ ተከምሮ ይቆይና እስከ ጥር ይወቃል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚያወጣው ገበያው ይጥለቀለቃል፣ ዋጋው ይወርዳል። ይህን የማያውቅ ገበሬ የለም። ታዲያ እያወቀ ለምን ያወጣል? የመሬት ግብር የሚጠየቀው ምርት ሲገባ ነው። የማዳበሪያ ብድር የወሰደም የሚመልሰው ያኔ ነው። ጥምቀት ጥር 11 ነው፣ ለልጆች ልብስ ይገዛል። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ማለቅ ስላለበት ሠርጉ ሁሉ በጥርና በየካቲት ይታጨቃል፤ የሚድረው ብቻ ሳይሆን የተጠራውም ባዶ እጁን አይሄድም። ክረምቱን ሙሉ ዘይትና ሳሙና በዱቤ ሲሰጥ የከረመው ባለሱቅ ደብተሩን የሚገልጠውም በዚሁ ወር ነው። የዓመቱ ወጪ የሚሰበሰበው የዓመቱ ዋጋ በረከሰበት ወር ላይ ነው ማለት ነው።

እንዲታይ በቁጥር ላስቀምጠው። የጥርን የጤፍ ዋጋ በኩንታል 100 እንበለው፣ የነሐሴን 150። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ እውነተኛው ልዩነት ከዓመት ዓመት ይሰፋል፣ ይጠባል፣ አንዳንድ ዓመትም ጭራሽ ይጠፋል። 300 ዕዳ ያለበት ገበሬ በጥር ለመክፈል 3 ኩንታል ይሸጣል። እስከ ነሐሴ ቢታገሡት 2 ኩንታል ይበቃው ነበር። ያቺ ሦስተኛዋ ኩንታል በነሐሴ 150 ታወጣ ነበርና፣ ሰውየው በ300 ላይ የሰባት ወር 150 ወለድ ከፍሏል። አራጣ አበዳሪ ይህን ያህል ቢጠይቀው አማትቦ ይሸሽ ነበር። ገበያው ሲወስድበት ግን ወለድ ስለማይባል አያማትብም።

ከዚህ የሚያመልጡ አሉ፣ መንገዳቸውም ቀላል ነው፤ የጥርን ወጪ በጤፍ አይሸፍኑም። ቢቆይ ዋጋ የማይጨምርላቸውን ነገር አስቀድመው ያወጣሉ። ባሕር ዛፍ ያለው አጣና ይሸጣል። ቦይ የሚደርስለት በመስኖ ያበቀለውን ድንች ያወጣል። በግ ያለው ግን ቢታገሥ ይሻለዋል፤ በግ ፋሲካና እንቁጣጣሽ አለው። ችግሩ አጣናውም፣ ቦዩም፣ በጉም የሚገኙት ቀድሞ ትንሽ ባለው ቤት መሆኑ ነው።

መጠበቅ ሲባል ደግሞ እህሉም የሚጠበቅ መሆን አለበት። እዚህ ላይ በጤፍና በበቆሎ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የጤፍ ፍሬ ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ ቦርቡሮ የሚገባበት ቦታ አያገኝም። በደረቅ ጎታ ውስጥ ዓመታት ይቀመጣል፤ ጠላቶቹ እርጥበትና አይጥ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጤፍ እህልም ነው፣ ባንክም ነው። ጎጃሜ ጤፉን ለገበያ አስቀምጦ በቆሎና ዳጉሳ ቀላቅሎ የሚበላው ወዶ አይደለም፤ ባንኩን እንዳይበላ ነው። በቆሎ በሄክታር የሚሰጠው ከጤፍ እጥፍ በላይ ስለሆነ መሬት ያነሰው ሰው በቆሎ ይዘራል። ልጆቹን የሚያጠግብለት እሱ ነው። ነገር ግን በቆሎ ከመጋቢት ሙቀት ጋር ነቀዝ ይገባበታል፤ እስከ ሰኔ ካልተጠነቀቁለት ጎተራው ውስጥ የሚቀረው ዱቄትና ገለፈት ነው። የድሃው እህል ራሱ ችኩል ነው። ነቀዝ ሳይቀድመው ለመሸጥ ይቸኩላል፣ በክረምት ያንኑ በቆሎ ከነጋዴ ይገዛል።

በቆሎን ለማቆየት የመጀመሪያው ነገር ማድረቅ ነው። ከ13 በመቶ በላይ እርጥበት ያለው በቆሎ ምንም ቢደረግለት አይከርምም። መሣሪያ በሌለበት ጨው ይበቃል። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ እስከ ሲሶው በበቆሎ ይሞላል፣ በፀሐይ የደረቀ ደቃቅ ጨው ሁለት ሦስት ማንኪያ ይጨመራል፣ ከድኖ ጥቂት ደቂቃ መናጥ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ማቆየት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው፣ ፀሐይ ላይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ለጎተራ እየቀረበ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ግን አይጎዳም። ጠርሙሱ ወይም ጨው እርጥብ ከሆነ ፈተናው ይዋሻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ከረጢቱ። ሁለት የላስቲክ ሽፋን ከውስጥ፣ አንድ ጆንያ ከውጭ ያለው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገድላል። ውስጥ ያለው ነቀዝ አየሩን ተንፍሶ ይጨርስና ይታፈናል። ለዚህም እያንዳንዱ ላስቲክ አየሩ እየተጨመቀ ለየብቻ መጠምዘዝና መታጠፍ፣ ለየብቻ በሲባጎ መታሰር አለበት። ሁለቱን በአንድ ቋጠሮ ያሰረ አየር ሊያስገባ ይችላል። የሚበሉትን በቆሎ በሌላ ጆንያ ያኑሩ፤ በየሳምንቱ የሚከፈት ከረጢት ለነቀዙ በየሳምንቱ እስትንፋስ ይሰጠዋል። ከግድግዳ ክንድ ያህል አርቆ በርብራብ እንጨት ላይ ማስቀመጥም ግድ ነው፤ አይጥ አንድ ቀዳዳ ካበጀች ሁሉም ነገር አበቃ። ገበያ ላይ "ኪኒን" እየተባለ የሚሸጠው የጭስ መድኃኒት ነቀዝን በርግጥ ይገድላል፤ ሰው በሚያድርበት ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ግን ሰውንም ይገድላል። ጎተራና መኝታ አንድ ጣሪያ ሥር በሆነበት ቤት ኪኒን አይነካ።

የከረጢቱ ዋጋ ከተራ ጆንያ ብዙ እጥፍ ነው። ለሦስት ኩንታል ሦስት ከረጢት የሚገዛበት ብር በታኅሣሥ እጁ ላይ የሌለው ሰው በነሐሴ ብዙ ብር ያጣል። ድህነት ውድ ነው የሚባለው ይኼን ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ከአውድማው ወይም ከደጃፉ የሚገዛው ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ በራሱ ብር አይሠራም። የከተማው ነጋዴ ብር ሰጥቶት በኩንታል የሚቆረጥለት ሰው ነው። ገበሬው ትርፉን ሁሉ እሱ እንደሚበላው ያስባል፤ እሱ ግን በዋጋው ላይ የሚያገኘው ትንሽ ስለሆነ ቀሪውን ከሚዛኑ ሊያወጣ ይሞክራል። "አያ፣ ዛሬ ገበያው ሞቷል" ብሎ ይጀምራል፤ በስልኩ የአዲስ አበባን የማለዳ ዋጋ ሰምቶ ነው የመጣው፣ ሻጩ ግን የሰማው የባለፈውን ገበያ ቀን ነው።

ሚዛን የሚያጭበረብረው በብዙ መንገድ ነው። ባስኩሉ ለጥ ያለ መሬት ላይ ካልቆመ ይዋሻል። እህል ሳይጫንበት ልሳኑ መሐል ላይ መቆሙ ካልታየ መነሻው የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። የጆንያ ተቀናሽ እየተባለ አንድ ኪሎ ይቆረጣል፤ ባዶው የፕላስቲክ ጆንያ ግን ከሩብ ኪሎ አይበልጥም። በ8 ኩንታል ቢያንስ 6 ኪሎ በነፃ ሄደ ማለት ነው። የእጅ ተንጠልጣይ ሚዛን ደግሞ ሞላው ሲላላ ለማን እንደሚያደላ ባለቤቱ ብቻ ያውቃል። መፈተኛው ቀላል ነው። ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውኃ 10 ጠርሙስ በጆንያ ቢጫን ከ20 ኪሎ በጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ጠርሙስ የለም? ጠዋት ጤና ኬላ ላይ የተመዘነ ሰው ባስኩሉ ላይ ይውጣ። ሰብሳቢው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ነው፣ ቁጥሩን ግን ማየት። ሦስት አራት ጎረቤት አንድ ላይ ሆኖ አንድ ሚዛን ቢገዛ ከሁሉ ይሻላል፤ እህሉ ቤት ተመዝኖ ከመጣ የሰብሳቢው ባስኩል በራሱ ጊዜ ይታረማል።

በቁናና በጣሳ ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ክምሩ ላይ ነው፤ ነጋዴው ሲገዛ ተከምሮ፣ ሲሸጥ አፉ ላይ ተጠርጎ። "በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም" የሚለው ተረት በገበያ ቀን እምብዛም ሲሠራ አይታይም። በትንሽ በትንሹ ለጨውና ለበርበሬ እህል ይዘው የሚመጡት ሴቶች ናቸው፣ የሚጎዱበትም እነሱ ናቸው፤ ኩንታል የሚያወጣው ወንድ ቢያንስ ከባስኩል ጋር ይከራከራል።

የእህሉ ጥራትም ዋጋ ነው። አውድማ በእበት ተለቅልቆ ካልደረቀ፣ ወይም በሸራ ላይ ካልተወቃ፣ ጤፉ አሸዋ ይይዛል። ገዢው እፍኝ አንሥቶ መዳፉ ላይ ያሽና አሸዋውን ያሳይሃል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ የሚናገረው እሱ ብቻ ነው። ነጭ ጤፍን ከሰርገኛ ጋር በአንድ ጆንያ የቀላቀለም በሰርገኛ ዋጋ ይሸጣል። የከተማው ነጋዴ በተራው ያንኑ ሰርገኛ ከነጭ ጋር ቀላቅሎ በነጭ ዋጋ ለመሸጥ ቢሞክር አይገርመኝም።

ነጋዴውን ግን ሌባ ብሎ መዝጋት ነገሩን አያስረዳም። ጤፉ ከቢቸና ወይም ከአዴት ተነሥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እስኪደርስ የጆንያ፣ የጫኝ፣ የአውራጅ፣ የደላላ፣ የመኪና፣ የመጋዘንና የየኬላው ወጪ አለ። ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው ቁልቁለት ፍሬን ይበላል፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተከፈተው የሕዳሴ ድልድይ መሻገሪያውን አቀለለ እንጂ ገደሉን አላስተካከለም። ከ2015 ወዲህ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ይወጣል፣ አዴት ላይ ይወርዳል፤ ልዩነቱን የሚያገኘው ጭነቱን ከመዘጋቱ በፊት ያሻገረ ነው፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ያላሻገረው። የዚህ ሥጋት ዋጋ በመጨረሻ ተመልሶ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

የነጋዴው ሀብት ምንጭ ሌላ ቦታ ነው። 50 ኩንታል በሚጭን አይሱዙ አንድ ጊዜ ሲልክ፣ ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ፣ በ100 ላይ 2 ብቻ ቢተርፈው ትንሽ ነው። ያንኑ ብር ግን በዓመት 40 ጊዜ ያዞረዋል። በ100 ላይ 80 ይሆናል፣ ትርፉን ዋናው ላይ ሳይጨምር። ገበሬው በኩንታል የሚያገኘው ከነጋዴው እጅግ ይበልጣል፤ የሚያገኘው ግን በዓመት አንዴ ነው። ሰዎች የሚጣሉት ስለ ኩንታሉ ትርፍ ነው፤ ሚስጥሩ ያለው መዞሩ ላይ ነው። አቅሙ ሲፈረጥም ደግሞ ነጋዴው ግማሹን ብር ያዞራል፣ በግማሹ በጥር ገዝቶ እስከ ክረምት ያቆያል። መፍጠንም መጠበቅም በእጁ ሆነ። ገበሬው ሁለቱም የሉትም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ትልቁ ገበያ ዛሬ የጁቤ በምትባለው ከተማ አካባቢ የነበረው ባሶ ነው። ከእናርያና ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና በጉድሩ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይቀጥላል። ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶ በዚያው መንገድ ይሸጥ ነበር፤ የባሶን ብልጽግና የሚያወሳ ሰው ይህን መዝለል የለበትም። ወደ ደቡብ የሚወርደው አሞሌ ጨው ነው። አሞሌ ከሚወጣበት ከአፋር ቆላ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ዓባይን ሲሻገር ደግሞ ይበልጥ። ክረምት ዓባይ ሲሞላ መሻገሪያው ይዘጋል። ያኔ ጨዉን ይዞ በትክክለኛው ማዶ መቀመጥ የቻለ ሲራራ ነጋዴ ያተርፋል፤ ስንቁ ያለቀበት ባገኘው ዋጋ ይሸጣል። ከጥርና ከነሐሴው ጤፍ በምን ይለያል?

ይህን የደቡብ ምዕራብ ንግድ ለመያዝ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉ። ጎጃም ተሸነፈ፣ ንጉሡም ተማረኩ። ከዚያ በኋላ ቡናውና የዝሆን ጥርሱ በሸዋ በኩል ማለፍ ጀመረ፣ ባሶም ቀስ በቀስ ተረሳ። ዛሬ የጎጃም ጤፍ ዋጋ የሚቆረጠው ደብረ ማርቆስ ሳይሆን አዲስ አበባ የሆነበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንዱ ሥር ግን እምባቦ ላይ ይመስለኛል።

መሬቱስ? ጎጃም ገመድ ይዞ የመጣን መንግሥት አይወድም። ርስቴ ይለካብኛል፣ ከተለካ ይወሰድብኛል የሚለው ሥጋት በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ከሞጣ እስከ ቢቸናና ዳሞት ገበሬውን አስነሥቶ መንግሥትን ወደ ኋላ እስከ ማስመለስ ደርሷል። ኋላ ደርግ መሬትን የመንግሥት አደረገው፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በክልሉ የመሬት ሽግሽግ ተካሄደ። "ቢሮክራት" የተባለ፣ በደርግ ጊዜ ሹመት የነበረው ገበሬ፣ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ያህል፣ በላይ እንዳይኖረው ተደርጎ ትርፉ መሬት ለሌላቸው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ ድልድል የለም። ስለዚህ በዚያ ዓመት ለአቅመ መሬት የደረሰ ድርሻ አገኘ፤ ያልደረሰው የሚጠብቀው የአባቱን ማሳ ከወንድሞቹ ጋር መቆራረስ ነው። የልደት ዓመት እንደዚህ የሀብት ድንበር ሲሆን ስለ ትጋት የሚሰበክ ስብከት ይቀልብኛል።

መሬት የሌለው ወጣት በመጋዞ፣ የሰው መሬት አርሶ ምርቱን እየተካፈለ፣ ያርሳል። መሬት ያላት ባልቴት በሬ ከሌላት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። አንድ በሬ ብቻ ያለው በመቀናጆ ከጎረቤቱ ጋር ያጣምራል፤ አንድም የሌለው የበሬውን ቀን በገዛ ጉልበቱ ይከፍላል፣ የራሱ ማሳ ግን የሚታረሰው ባለበሬው ሲጨርስ ነው። የዘገየ እርሻ ዝናብ ያመልጠዋል፣ ምርቱም ያንሳል። እኩል ሲባል ደግሞ እኩል የሚሆነው ፍሬው ብቻ ነው። ዘሩን ማን ያወጣል? ማዳበሪያውን? የአጫጅ ምሳውን? ጭዱ የማን ነው? የጤፍ ጭድ ለከብትም ለቤት ጭቃም ይፈለጋል፣ በበጋ ገንዘብ ነው። እነዚህ አራቱ ከመታረሱ በፊት በሽማግሌ ፊት ካልተነገሩ፣ አውድማ ላይ የሚወስነው ድምፁ የጎላው ነው። ባልቴቷ ወይም የምታምነው ሰው ሲሰፈር ቆመው ካላዩ ግማሿ ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ይመጣል። መለካትን የምንፈራ ሰዎች አለመለካት ማንን እንደሚጎዳ እምብዛም አናስብም።

ከሁሉ የከፋው ወለድ አገድ ነው። የታመመ ልጅ ያለው ወይም ተዝካር የደረሰበት ሰው ብር ይበደርና መሬቱን ላበዳሪው ያስይዛል፤ አበዳሪው ብሩ እስኪመለስ ድረስ ያርሳል፣ ምርቱ እንደ ወለድ ይታሰብለታል። ዋናው ግን በየዓመቱ አንዲት ሳንቲም አይቀንስም። መሬቱን የሰጠው ሰው ብሩን የሚያገኝበት ማሳ በአበዳሪው እጅ ስለሆነ መክፈያ ከየት ያመጣል? አምስት ምርት የበላ አበዳሪ የዋናውን እጥፍ አግኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ዕዳው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ሙሉ ነው። የግድ መሆን ካለበት ከእያንዳንዱ ምርት የተወሰነው ከዋናው እንዲቀነስ፣ የሚያበቃበት ዓመትም እንዲወሰን ጽፎ ማስፈረም ነው። አበዳሪው እምቢ ካለ ሁለት ጥማዱን ለተወሰነ ዓመት በኮንትራት ማከራየት ይሻላል፤ ኮንትራት ቢያንስ ማብቂያ አለው።

እቁብን ሁሉም ያወድሰዋል፣ እኔም አወድሰዋለሁ። ግን የማን መሣሪያ እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። በየሳምንቱ የሚጣል እቁብ በየሳምንቱ ብር ለሚነካ ሰው ነው። የእህል ነጋዴ፣ ባለሱቅ፣ ጠላ ሻጭ ይጥላል፤ ነጋዴው ዕጣው በታኅሣሥ እንዲደርሰው ከሌላው ጋር ይለዋወጣል፣ በጥር እህል የሚገዛው በዚያ ብር ነው። ዓመት ሙሉ አንዴ ብር የሚያገኝ ገበሬ ግን በሦስተኛው ሳምንት ይወድቃል። ለእሱ የሚሆነው እቁብ መጣያው ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት፣ ዕጣው በሚያዝያና በግንቦት የሆነ፣ ማለትም ማዳበሪያ በሚፈለግበት ሰሞን የሚወጣ ነው። ከአሥራ አምስት ሰው በላይ ከሆነ ይፈርሳል። መጀመሪያ የደረሰው ሰው ሁለት ዋስ ሳይጠራ ብር አይያዝ፤ እቁብ የሚፈርሰው ሁልጊዜ ቀድሞ በበላ ሰው ነው።

አዊ ውስጥ፣ በተለይ ፋግታ ለኮማ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ዛፍ ላይ ማየት ይቻላል። ደከረንስ የሚባለው ግራር በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሣሩ ይታጨዳል፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። የደከመ አሲዳማ መሬትም እንዲያገግም ያደርጋል። ግሩም ሥራ ነው፣ አራት ዓመት ለሚጠብቅ። ትርፍ ማሳ ያለው ተከለ፣ ጠበቀ፣ ቆርቆሮ ቤት ሠራ። መሬት ያነሰው በሁለተኛው ዓመት ቁም ዛፉን ለነጋዴ ሸጠ፤ ዛፉ የሚወፍረው ከዚያ በኋላ ነውና የወፈረው ለገዢው ነው። መሬት የሌለው ደግሞ በጆንያ ተከፍሎት ከሰሉን ያከስላል፣ ጭሱን ይውጣል። በኋላ የዝገት በሽታ መጥቶ ቅጠሉን ሲያራግፈው ብዙ የጠበቀውም ተመታ። መጠበቅ ዋስትና የለውም፤ ሁሉንም ማሳ በአንድ ዛፍ የሞላ ይህን በደንብ ያውቃል። መራዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ላይ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሽንኩርት ሲተክልም ያው ነው፤ ሽንኩርቱ በአንድ ሳምንት ይደርሳል፣ ዋጋው በዚያው ሳምንት ይሞታል፣ ሽንኩርት ደግሞ እንደ ጤፍ ጎታ ውስጥ አይከርምም።

ገበሬው እንዲጠብቅ የሚያስችለው ነገር በስብሰባ ሁሉ ይነገራል፤ ኅብረት ሥራ ማኅበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። የሚበላሸው ብሩ ሲዘገይ ነው። ማኅበሩ የሚገዛበት ብድር በመጋቢት ከተለቀቀ በጥር የቸገረው ሰው እህሉን ለሰብሳቢው አስረክቦ ጨርሷል። በመጋቢት ለማኅበሩ የሚሸጠው መጠበቅ የቻለው ነው። ለድሃው የተቋቋመው ማኅበር ሳያስበው ሀብታሙን ያገለግላል።

ስለዚህ ከመግዛት ይልቅ ማስቀመጥና ማበደር የሚሻል ይመስለኛል። ገበሬው በታኅሣሥ 5 ኩንታል ጤፍ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ያስገባል። በስሙ ተመዝኖ፣ ዓይነቱ ተጽፎ ደረሰኝ ይያዛል። በዕለቱ ዋጋ የግማሹን ያህል ብር በብድር ይወስዳል፤ ጥርን በዚያ ያልፋል። በሐምሌ ወይም በነሐሴ እህሉ ይሸጣል፣ ብድሩና ወለዱ፣ የመጋዘኑ ኪራይ ይቀነሳል፣ ቀሪው የእሱ ነው። ከግማሽ በላይ ማበደር አይገባም፤ ዋጋ የወረደ ዓመት ብድሩ ከእህሉ ይበልጥና ገበሬው እህሉን ጥሎ ይጠፋል። የእያንዳንዱ ሰው ጆንያ በስሙ ይታሰር፤ በአንድ ክምር ከተደባለቀ ነጩም ሰርገኛውም በሰርገኛ ይሰፈራል። መጋዘኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱ በማኅበሩ ኮሚቴ፣ ሌላው በአበዳሪው እጅ። ሁለቱም ቁልፎች ለአንድ ሰው አይሰጡ፤ ሰውየው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ክረምቱ ረጅም ነው።